አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ሲግናል፦ የትሪፕሲኑ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2015 ዬወን ኪም እና ክርስቲያን ሂልቲ የተባሉ ኬሚስቶች አንጌቫንተ ኬሚ በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ሥራው የተሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ነው። ትሪፕሲን የሚባለውን ኢንዛይም ወሰዱ። ከዚያ ሦስት የተለያዩ ሞለኪውሎች ኢንዛይሙን ምን ያህል አጥብቀው እንደሚይዙ ለኩ። እስከዚህ ድረስ የሚያስደንቅ ነገር የለም። ትሪፕሲን ላይ ስንትና ስንት ልኬት ተሠርቷል። የሚያስደንቀው አለካካቸው ነው። የተለመደውን ረጅም የታይትሬሽን ሰልፍ፣ ማለትም ሞለኪውሉን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ደጋግሞ መለካትን፣ ትተው በአንድ ምት ለኩ። የሬዲዮ ሞገዱ ተላከ፣ ሲግናሉ ተሰማ፣ አለቀ።

የተጠቀሙት በሃይፐርፖላራይዜሽን ነው፤ ኤን ኤም አር የሚባለው መሣሪያ የሚሰማውን ደካማ ሲግናል የሚያበረታ ዘዴ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጉልበቱ ነው። "ሲግናሉን በሺህ እጥፍ ያሳድገዋል" ይባላል። እውነት ነው፣ ያሳድገዋል። ግን ያ ጉልበት በብድር የመጣ ነው፤ መመለሻ ጊዜው ደግሞ በሰከንዶች ይቆጠራል። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝም ይኸው ነው። ሰዎቹ ማሽኑን አላሻሻሉም፤ በቀረቻቸው ትንሽ ጊዜ ውስጥ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አበጁ።

ስንት ያዘ?

ብዙ መድኃኒቶች ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ሥራቸው አንድ ፕሮቲን ላይ ሄዶ መያዝ ነው። ፕሮቲኑ ላይ ኪስ የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ሞለኪውሉ እዚያ ይገባና የፕሮቲኑን ሥራ ያግዳል ወይም ይቀይራል። በአብዛኛው ግን ገብቶ አይቀርም። ይገባል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። አጥብቆ የሚይዘው ኪሱ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ላላ ያለው ነካ አድርጎ ይሄዳል።

ይህን ጥብቀት የሚገልጹት ኬዲ በሚባል ቁጥር ነው። ከፕሮቲኑ ኪሶች ግማሾቹ እንዲያዙ በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ነጻ ሞለኪውል መኖር አለበት? መልሱ ኬዲ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ትስስሩ ይጠብቃል። የሚለካው በሞላር ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ ባለው የሞለኪውል ብዛት፤ ከናኖ ማይክሮ፣ ከማይክሮ ሚሊ በሺህ እጥፍ ይበልጣል። ናኖሞላር ላይ ያለው የምር ጥብቅ ነው። ማይክሮሞላር መሃል ሰፋሪ ነው። ሚሊሞላር ላይ ያለው ደግሞ ለመያዙም ያጠራጥራል። የመድኃኒት ፍለጋ ሲጀመር መጀመሪያ እጅ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ላላ ያሉት ናቸው። ኬሚስቱ ከእነሱ ተነስቶ፣ እዚህ ጋ አንድ አተም እየጨመረ፣ እዚያ ጋ አንድ እየቀነሰ፣ ወደ ጥብቁ ይወስዳቸዋል። እያንዳንዱ ለውጥ ደግሞ መለካት አለበት። አለበለዚያ ወደፊት ይሂድ ወደኋላ አይታወቅም።

የተለመደው መለኪያ መንገድ ታይትሬሽን ነው። ፕሮቲኑን ታስቀምጣላችሁ፣ ሞለኪውሉን ጥቂት ታክላላችሁ፣ ትለካላችሁ። ደግሞ ታክላላችሁ፣ ደግሞ ትለካላችሁ። ነጥቦቹን ስታገናኟቸው ቀስ እያለ የሚሞላ መስመር ይወጣል፣ ከመስመሩ ላይ ኬዲን ታነባላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ፕሮቲን ይበላል፣ ጊዜም ይበላል። ከሁሉ በላይ ደጋግሞ መለካትን ይጠይቃል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ።

የኤን ኤም አር ድህነት

ኤን ኤም አር፣ ማለትም የኑክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ፣ ለዚህ ሥራ የታወቀ መሣሪያ ነው። ሞለኪውሎቹን አይሰብርም፣ ቀለም አያስለጥፍባቸውም፣ በፈሳሽ ውስጥ እንዳሉ ያያቸዋል። ሆስፒታል ውስጥ ያለው ኤም አር አይ የሚሠራውም በዚሁ ፊዚክስ ነው።

ችግሩ ጆሮው ከባድ መሆኑ ነው። አንዳንድ ኑክሊየሶች ስፒን አላቸው፤ እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች ይሆናሉ። በትልቅ ማግኔት ውስጥ ስታስገቧቸው ገሚሶቹ ከመስኩ ጋር፣ ገሚሶቹ በተቃራኒው ይሰለፋሉ። በተቃራኒ የተሰለፉት እርስ በርስ ይጣፋሉ። የሚሰማው ትርፉ ብቻ ነው። ትርፉ ስንት ነው? በ9.4 ቴስላ ማግኔት፣ በክፍል ሙቀት፣ ከ1 ሚሊዮን የሃይድሮጂን ኑክሊየሶች ውስጥ 32 ገደማ ነው። የፍሎሪን ደግሞ ወደ 30 ይወርዳል። ሌላው ሁሉ አለ፣ ግን እንደሌለ ነው።

የተለመደው መድኃኒት ደጋግሞ መለካትና መደመር ነው። ግን ሲግናሉ ከጩኸቱ ጋር ሲነጻጸር የሚያድገው በሙከራዎቹ ብዛት ካሬ ሥር ልክ ነው። አሥር እጥፍ ጥራት ለማግኘት መቶ ጊዜ መለካት ግድ ነው። ሺህ እጥፍ ከፈለጋችሁ ሚሊዮን ጊዜ። አንዱ ልኬት 5 ሰከንድ ቢወስድ ሚሊዮኑ 58 ቀን ገደማ ይሆናል። ማንም ላቦራቶሪ ማሽኑን ለአንድ ናሙና 58 ቀን አይሰጥም። ቢሰጥም ፕሮቲኑ እስከዚያ ድረስ ደህና ሆኖ አይጠብቅም። ስለዚህ የሚደረገው የሞለኪውሉንና የፕሮቲኑን መጠን መጨመር ነው። ይህ ደግሞ ሙከራውን ሰውነት ውስጥ ካለው ሁኔታ ያርቀዋል።

ብድሩ

ሃይፐርፖላራይዜሽን ትርፉን ራሱን ያበዛል። መንገዱ ብዙ ነው። በእኛ ጉዳይ ላይ የዋለው ዲሶሉሽን ዲ ኤን ፒ (ዳይናሚክ ኑክሊየር ፖላራይዜሽን) የሚባለው ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አልበርት ኦቨርሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1953 የኤሌክትሮኖችን አሰላለፍ ወደ ኑክሊየሶች ማስተላለፍ እንደሚቻል በስሌት አመለከተ። በዚያው ዓመት ካርቨርና ስሊክተር በሊቲየም ብረት ላይ አሳዩት። ኤሌክትሮን ከሃይድሮጂን ኑክሊየስ 658 እጥፍ ገደማ የበረታ ማግኔት ነው። በ3.35 ቴስላ ማግኔት ውስጥ አስገብታችሁ እስከ 1.4 ኬልቪን ብታቀዘቅዙት ከ90 በመቶ በላይ ፖላራይዝድ ይሆናል፤ ፖላራይዜሽን ማለት ያው የአሰላለፉ ትርፍ ነው። በዚያው ቅዝቃዜ ፍሎሪን ብቻውን ቢተው 1 በመቶም አይሞላ። 1.4 ኬልቪን ማለት ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስን ያለፈ ብርድ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም እንጂ ሌላ ነገር እዚያ አያደርስም።

ስለዚህ ሞለኪውሉን ቴምፖል ከመሰለ ነጻ ኤሌክትሮን ካለው ንጥረ ነገር ጋር ትቀላቅሉታላችሁ። ቅልቅሉ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት መሆን አለበት፤ እንደ በረዶ ክሪስታል ከሠራ ሞለኪውሎቹ አንድ ቦታ ይከማቹና ዝውውሩ ይበላሻል። ከዚያ 94 ጊጋኸርዝ ገደማ በሆነ ማይክሮዌቭ ትመቱታላችሁ። የኤሌክትሮኖቹ አሰላለፍ ቀስ በቀስ ወደ ኑክሊየሶቹ ይሻገራል።

ጥሩ፣ ግን ያለን የቀዘቀዘ ጠጣር ነው። ፕሮቲን የሚሠራው በፈሳሽ ነው። ይህን ቋጠሮ የፈታው ያን ሄንሪክ አርደንክየር-ላርሰን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሥራ ነው። የቀዘቀዘውን ናሙና በትኩስ ፈሳሽ ባንዴ አሟሙተው፣ አሰላለፉ ሳይጠፋ ወደ ፈሳሽነት መለሱት። ሲግናሉ ከ10,000 እጥፍ በላይ አደገ።

አሁን ዕዳው ይመጣል። ናሙናው ፈሳሽ በሆነባት ቅጽበት ኑክሊየሶቹ ወደ ድሮው ሰልፋቸው መመለስ ይጀምራሉ። ፍሎሪን ላይ ይህ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ለማዳመጥ የምትልኩት ምት ራሱም ያንኑ ሀብት ይበላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ አንዴ የወጣው ፖላራይዜሽን እዚያው ቱቦ ውስጥ አይታደስም። እንደገና ለመለካት እንደገና ማቀዝቀዝ፣ እንደገና በማይክሮዌቭ መምታት፣ እንደገና ማሟሟት ነው። አንዱ ዙር አሥርና ከዚያ በላይ ደቂቃዎች ይፈጃል።

ታይትሬሽንን አስታወሳችሁት? ደጋግሞ መለካት የሚፈልገውን ዘዴ፣ መደጋገም የሚጠላ መሣሪያ ላይ ጫኑት። ስምንት ነጥብ ያለው መስመር ስምንት ሙሉ ዙር ሊሆን ነው። በየዙሩ ደግሞ የፖላራይዜሽኑ መጠን ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ የአንዱን ቁመት ከሌላው ጋር ማወዳደር አስተማማኝ አይደለም። በዚህ ሒሳብ ማሽኑ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል።

ምስክሩ

የኪምና የሂልቲ ዘዴ የተመሠረተው ሦስተኛ ወገን በማስገባት ላይ ነው። የምትፈትኑትን ሞለኪውል ራሱን አታዳምጡም። በምትኩ ኪሱን የሚያውቅ ሌላ ሞለኪውል፣ ምስክር በሉት፣ ሃይፐርፖላራይዝድ አድርጋችሁ ትልካላችሁ። ተፈታኙ ምስክሩን ከኪሱ ምን ያህል እንዳስወጣው ምስክሩ ራሱ ይናገራል።

ትሪፕሲን ለዚህ የሚመች ኢንዛይም ነው። ፕሮቲን የሚቆርጥ መቀስ ነው፣ ወደ 23,300 ዳልተን ይመዝናል። ኪሱ ሥር አስፓርቴት 189 የሚባል አሚኖ አሲድ ተቀምጧል፤ አሉታዊ ሙል አለው። ስለዚህ ጫፋቸው አዎንታዊ የሆኑ ሞለኪውሎች ወደዚያ ይሳባሉ። ቤንዛሚዲን የታወቀው ምሳሌ ነው፤ የትስስሩ ጥብቀት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ታትሞ ይታወቃል፣ 18 ማይክሮሞላር ገደማ ነው።

የተመረጠው ምስክር የዚሁ የቤንዛሚዲን ዘመድ ነው። በአንድ ጫፉ ያንኑ አዎንታዊ ቡድን ይዟል፣ በሌላው ጫፉ ግን ትራይፍሎሮሜቲል፣ ማለትም አንድ ካርቦን ላይ የተቀመጡ ሦስት ፍሎሪኖች ተጨምረውለታል። በጽሑፎቹ ላይ በአጭሩ ቲ ኤፍ ቢ ሲ ይባላል። ፍሎሪን የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በተፈጥሮ ያለው ፍሎሪን በሙሉ ኤን ኤም አር የሚያየው ፍሎሪን-19 ነው። ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ በተፈጥሮ ፍሎሪን የለም። ማሽኑን ፍሎሪን ላይ ስታስተካክሉት ከፕሮቲኑ በኩል ወፍ የለም። የሚሰማው ምስክሩ ብቻ ነው። ሦስቱ ፍሎሪኖች እኩል ስለሆኑ ደግሞ አንድ ላይ ሆነው አንድ መስመር ነው የሚሰጡት።

ምስክሩ የሚናገረው በምንድን ነው? በአወዳደቁ ፍጥነት። ምት ከተላከ በኋላ የሚሰማው ሲግናል እየደከመ ይሄዳል። ትንሽ ሞለኪውል ፈሳሽ ውስጥ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ሲግናሉ ቀስ ብሎ ነው የሚደክመው። ትልቅ ፕሮቲን ላይ ሲለጠፍ ግን ከፕሮቲኑ ጋር ዘገም ብሎ ይዞራል፤ ያኔ ሲግናሉ ቶሎ ይሞታል። ምስክሩ በፍጥነት ስለሚገባና ስለሚወጣ የምናየው የሁለቱን አማካይ ነው፣ እንደየድርሻቸው።

በራሴ ቁጥሮች ላሳያችሁ፤ ለማስረዳት ያህል የመረጥኳቸው ናቸው እንጂ ከጥናቱ አልወሰድኳቸውም። ነጻው ምስክር በሰከንድ 1 በሆነ ፍጥነት ይደክማል እንበል። የተያዘው በሰከንድ 200። ከምስክሮቹ 10 በመቶ ከተያዙ አማካዩ 20.9 ይሆናል። ተፈታኙ ገብቶ ግማሾቹን ካስወጣ፣ 5 በመቶ ይቀራሉ፣ አማካዩም ወደ 10.95 ይወርዳል። በጊዜ ስትተረጉሙት ሲግናሉ በ48 ሚሊሰከንድ ይደክም የነበረው አሁን 91 ሚሊሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። ይህ ዓይን የሚሞላ ልዩነት ነው።

ከዚህ ወደ ኬዲ መድረስ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በዚያው ምሳሌ እንቀጥል። ፕሮቲኑ 20 ማይክሮሞላር፣ ምስክሩ 100 ማይክሮሞላር ይሁን። 10 በመቶ ተያዘ ማለት 10 ማይክሮሞላር ምስክር ኪስ ውስጥ ነው፣ 90 ነጻ ነው፣ 10 ኪስ ደግሞ ባዶ ነው። የምስክሩ ኬዲ 90 ማይክሮሞላር ይወጣል። አሁን 100 ማይክሮሞላር ተፈታኝ ጨመርን፣ የተያዘው ምስክር ወደ 5 ወረደ። ምስክሩ በራሱ ኬዲ ስለሚተዳደር ባዶው ኪስ 4.7 ገደማ መሆን አለበት። ከ20ው ውስጥ የቀረውን ወደ 10.3 የሚጠጋ ኪስ የያዘው ማን ነው? ተፈታኙ ነው። ነጻ የቀረው ተፈታኝ 89.7 ገደማ። አባዙ፣ አካፍሉ፤ የተፈታኙ ኬዲ 41 ማይክሮሞላር ገደማ ነው። ተፈታኙ ፍሎሪን የለውም፣ ሲግናሉንም አላየንም፣ ግን ቁጥሩን አገኘነው።

የምስክሩ ኬዲና የሁለቱ ፍጥነቶች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው፣ እርግጥ ነው። ግን እሱ አንዴ ብቻ የሚሠራ የቤት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ አዲስ ተፈታኝ አንድ ምት ይበቃል። የፖላራይዜሽኑ መጠን ከዙር ዙር መለያየቱም ብዙ አያሳስብም፤ የምንለካው ሲግናሉ ከየት እንደጀመረ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደወረደ ነው። የዚህ ጥናት ምርጡ ብልሃት ለእኔ ይኼ ነው። አስተማማኝ ያልሆነውን ቁጥር ሳያባብሉ ከጨዋታው አስወጡት።

ከምቱ በፊትና በኋላ

የሙከራውን ደቂቃዎች ጠጋ ብለን እንያቸው። ናሙናው በሂሊየሙ ውስጥ በማይክሮዌቭ እየተመታ ነው። ወዲያ ማዶ ባለው ሌላ ማግኔት ውስጥ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ተተክሏል፤ ውስጡ ትሪፕሲንና ተፈታኙ ተቀላቅለው ይጠብቃሉ። ፕሮቲኑ ራሱ ወደ ብርዱ አይገባም። ትኩሱ ፈሳሽ የቀዘቀዘውን ናሙና ይመታዋል፣ ያሟሟዋል፣ በግፊት በቀጭን ቱቦ ይነዳዋል። ፈሳሹ ሩጦ መጥቶ ፕሮቲኑ ላይ ይፈሳል፣ ይደባለቃል። ከዚያ ምቱ ይላካል።

እዚህ ጋ አንድ ክፉ ምርጫ አለ። በግፊት የገባ ፈሳሽ ይናወጣል፣ አረፋም ሊያወጣ ይችላል። ፈሳሹ እየተንቀሳቀሰ ከለካችሁ ሲግናሉ ያለጊዜው የደከመ ይመስላል፤ እኛ ደግሞ የምንለካው ያንኑ ድካም ነው። እስኪረጋ ከጠበቃችሁ ፖላራይዜሽኑ ያልቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይሄ ነው። ሂልቲና ባልደረቦቹ ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ የደከሙት በዚህች መሃል ላይ ነው፣ ፈሳሹን በፍጥነት አስገብቶ ቶሎ የማርጋት ሥራ ላይ። ከሩቅ ሲያዩት የቧንቧ ሥራ ይመስላል። ያለሱ ግን ቀሪው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

ምቱ ራሱ ሲ ፒ ኤም ጂ ይባላል፣ ካርና ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1954፣ መይቡምና ጊል በ1958 ያዳበሩት ዘዴ ነው። አንድ ምት ሲግናሉን ያስነሳል። ከዚያ ተከታታይ መላሽ ምቶች ይከተላሉ፤ እያንዳንዱ የተበተነውን ሲግናል እንደ ገደል ማሚቶ ይሰበስበዋል። የማሚቶዎቹ ቁመት ተራ በተራ ሲወርድ ሙሉው የድካም መስመር በአንድ ትንፋሽ ይሣላል። መላሾቹ ምቶች አዲስ ፖላራይዜሽን አይጠይቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገኝ ሲግናል ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ነገር አላውቅም።

ኪሳራም አለው። ማሚቶዎቹን እንዲህ በጥድፊያ ስትሰበስቡ የትኛው ሲግናል ከየትኛው ሞለኪውል እንደመጣ መለየት ይከብዳል። ሁለት ፍሎሪን ያላቸው ሞለኪውሎች ቱቦው ውስጥ ካሉ ድምፃቸው ይደባለቃል። ዘዴው ፍሎሪን ለሌላቸው ተፈታኞች መመረጡ ለዚህ ይመቻል።

ሌላው ጣጣ መጠን ነው። ከላይ ባሰላነው ስሌት ሁሉ "100 ማይክሮሞላር" እያልን ዝም ብለን ሄድን። ናሙናው ግን ሲሟሟ፣ ሲነዳ፣ ሲደባለቅ በስንት እንደቀጠነ አስቀድሞ በትክክል አይታወቅም። በየዙሩም ይለያያል። ደግነቱ ፈሳሹ ከሙከራው በኋላ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ፖላራይዜሽኑ ጠፍቷል እንጂ ሞለኪውሎቹ አልጠፉም። ጊዜ ወስዶ በተለመደው መንገድ መለካት ይቻላል። ይህን ቁጥር ሳያስተካክሉ የተገኘ ኬዲ ምን ዋጋ አለው?

ግማሹ

የጥናቱ ሌላ ጠቃሚ ነገር ከማሽኑ ጋር የማይገናኝ ነው። ኪምና ሂልቲ በሞንቴ ካርሎ ስሌት፣ ማለትም ሙከራውን በኮምፒውተር ላይ በዘፈቀደ ስህተት እያባዙ፣ ልኬቱ በጣም ትክክል የሚሆነው መቼ እንደሆነ ፈተሹ። መልሱ፦ ተፈታኙ ከተያዘው ምስክር ግማሽ ያህሉን ሲያስወጣ ነው።

ሲያስቡት ግልጽ ነው። ተፈታኙ ትንሽ ብቻ ካስወጣ ለውጡ ከጩኸቱ ጋር ይምታታል። ሁሉንም ጠራርጎ ካስወጣ ደግሞ የምናየው ነጻ ምስክር ብቻ ነው፤ ተፈታኙ በጥቂቱ አሸንፎ ይሁን በብዙ መለየት አይቻልም። መሃሉ ላይ ግን እያንዳንዷ የጥብቀት ልዩነት በድካሙ ፍጥነት ላይ ጎልታ ትወጣለች።

የሚለኩት በአንድ ምት ስለሆነ የተፈታኙን መጠን መምረጥ ያኔ ወሳኝ ይሆናል። ላላ ያለው ተፈታኝ ሲሆን በብዛት ትጨምራላችሁ፣ ጥብቁ ሲሆን በጥቂቱ። እንዲህ መጠኑን ከፍ ዝቅ በማድረግ ሰፊ የጥብቀት ክልል መሸፈን ይቻላል። ጥብቁ ላይ ግን ወሰን አለ። የተፈታኙ ኬዲ ከፕሮቲኑ መጠን በጣም ካነሰ፣ የገባው ተፈታኝ ሁሉ ኪስ ይይዛል። ያኔ የወጣው ምስክር ቁጥር ስንት ተፈታኝ እንደጨመርን ይነግረናል እንጂ ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ አይነግረንም። መፍትሔው የሁሉንም መጠን ማሳነስ ነው። ለዚህ ደግሞ የበረታ ሲግናል ያስፈልጋል። የሂልቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሥራ ፍሎሪንን በብዙ ሺህ እጥፍ አጉልቶ ከአንድ ማይክሮሞላር በታች የሆነ መጠን ማየት መቻሉን አሳይቶ ነበር። የሺህ እጥፉ ወሬ የምር ጥቅም ላይ የሚውለው እዚህ ጋ ነው።

ትሪፕሲን ይህን ሁሉ ይፈልግ ነበር?

እውነቱን ለመናገር፣ አይፈልግም። ትሪፕሲን ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይሟሟል፣ እንደልብ ይገኛል። ፍሎሪን ያለው ምስክር በፉክክር እንዲወጣ ማድረግም አዲስ አይደለም፤ ክላውዲዮ ዳልቪትና ባልደረቦቹ ያለ ሃይፐርፖላራይዜሽን እ.ኤ.አ. ከ2003 አካባቢ ጀምሮ በዚያ መንገድ ሲሠሩ ቆይተዋል። በቂ ፕሮቲን ያለው ሰው የዳልቪትን መንገድ ቢከተል ይሻለዋል እላለሁ። ሂሊየም አይገዛ፣ ከሰከንድ ጋር አይሯሯጥ።

ትሪፕሲን እዚህ የገባው መፈተኛ ሆኖ ነው። መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ነገር ላይ ያልሞከሩትን ዘዴ ማንም አያምንም። ዘዴው የሚያዋጣው ለማምረት የሚያስቸግር፣ በብዛት ሲሆን የሚዘቅጥ ፕሮቲን ሲገጥም ነው። ለዚያም ቅድመ ሁኔታ አለው። ለኪሱ የሚሆን ቢያንስ አንድ ፍሎሪን ያለው ምስክር መታወቅ አለበት። ለማይታወቅ ኪስ ምስክር ከየት ይመጣል? ሲሆን ሲሆን ከተለመደው የፍሎሪን ሞለኪውሎች ማጣሪያ ይገኛል። ያ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከዚያ የፍጥነት ጉዳይ አለ። ልኬቱ ሰከንድ አይሞላም፣ ዝግጅቱ ግን ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በሺህ የሚቆጠሩ ተፈታኞች ለተደረደሩለት የመድኃኒት ፈላጊ ይህ የሚያስቅ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ላይ ተመለሰበት። አንዱን ሃይፐርፖላራይዝድ ናሙና ለሁለት ከፍለው ወደ ሁለት ትንንሽ የመለኪያ ክፍሎች ላኩት፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አዳመጡ። በሁለት የተለያየ የመጠን ንጽጽር ስለሚለካ፣ ግማሹን ለመምታት የሚደረገው ግምትም ትንሽ ይቀላል።

የበለጠ የሚያጓጓው ሌላኛው መንገድ ነው። ሴበር የሚባል ዘዴ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ከዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ። አሰላለፉን የሚያመጣው ፓራሃይድሮጂን ከሚባል የሃይድሮጂን ጋዝ ዓይነት ነው፤ በኢሪዲየም ካታሊስት በኩል ወደ ሞለኪውሉ ያሻግረዋል። ማይክሮዌቭ የለም፣ 1.4 ኬልቪን የለም፤ ጋዙን ማንፎልፎል በቂ ነው፣ በሰከንዶች ያልቃል። የሂልቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ ይዞ ወደዚያው ወደ ትሪፕሲን ኪስ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ምስክሩ ፍሎሪን የለውም፤ 4-አሚዲኖፒሪዲን የሚባል፣ ያንኑ አዎንታዊ ጫፍ የያዘ ሞለኪውል ነው። ካታሊስቱን የሚይዘው በፒሪዲኑ ናይትሮጅን፣ ኪሱን የሚይዘው በአዎንታዊው ጫፉ፣ በአሚዲኑ።

ይኸኛውም ያለ ጣጣ አልመጣም። ካታሊስቱ በተለምዶ የሚሠራው ሜታኖል ውስጥ ነው፣ ፕሮቲን ደግሞ ሜታኖል አይወድም። ስለዚህ ምስክሩን ሜታኖል ውስጥ አሰልፎ፣ ወዲያው በውሃ ላይ ወዳለው ፕሮቲን እያቀጠኑ ማስገባት ግድ ነው። ባቀጠኑት መጠን ሜታኖሉ ይቀንሳል፣ ሲግናሉም አብሮት ይቀንሳል።